ክንፉ ለእግሩ ካሳ አይደለም

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ጉልበት ይፈትናል። ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ፣ ታች ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ፣ በመካከሉ ጠጠሩ ከእግር ሥር የሚሸሽ ቁልቁለት። ሁለት ጤነኛ እግር ያለው መንገደኛ የሚፈራው ዳገቱን ነው። ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድ ሰው ግን ይበልጥ የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው። ሰው ሠራሹ ጉልበት ድንገት እንዳይታጠፍበት እያንዳንዱን እርምጃ ያስብበታል። ክብደቱ ወደ ፊት ሲያጋድል የቀረው ጭኑ ከማቀፊያው ጋር ይፋተጋል፤ ቆላው ሲቃረብ ላቡ ይበዛና ማቀፊያው መንሸራተት ይጀምራል።

ግማሽ አካሉ ማሽን የሆነ ጀግና በኮሚክ ወይም በፊልም እንዴት መሣል እንዳለበት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ቁልቁለት ነው። የሆሊውዱ ጀግና ከሕንጻ ጫፍ ዘሎ አስፋልቱን ሰንጥቆ ይቆማል። ጠጠራማ ቁልቁለት ላይ እግሩን እየመረጠ ሲወርድ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። እንዲህ ያለው ጀግና ከእኛ ወጣት ሠዓሊዎች እጅ መውጣቱ አይቀርም። ሲወጣ በዚህ መንገድ መውረድ የሚችል እንዲሆን እመኛለሁ።

አሊዩ አምባ ለማሽን እንግዳ አገር አይደለችም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ የሸዋን ደጋ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባት የገበያ ከተማ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ልዑካን መሪ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ አስጭኖ ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ በኩል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ መሣሪያ ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት የዚህ የይፋት ቆላ ሰው በግመል ጀርባ ላይ ያየው ነበር። ዛሬ ያው እንግዳ ነገር በስልክ ይመጣል።

በስልክ ከሚመጡት ጀግኖች መካከል ለጉዳያችን የሚቀርበው ቪክተር ስቶን ነው፤ በጀግንነት ስሙ ሳይቦርግ ይባላል። ደራሲው ማርቭ ዎልፍማንና ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ በ1980 እ.ኤ.አ. ለዲሲ ኮሚክስ ፈጠሩት። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ጎበዝ ስፖርተኛ ነው፣ ወላጆቹ ሳይንቲስቶች ናቸው። በቤተ ሙከራቸው በደረሰ አደጋ እናቱ ትሞታለች፣ የእሱም አካል ይደቃል። አባቱ ሲላስ ልጁን ለማትረፍ ሳይጠይቀው በብረት ይሠራዋል።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ወጣት አፍ ደጋግመው ያስቀመጡት ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁንም ሰው ነኝ ወይስ ማሽን? ይህን ጥያቄ አልወደውም። ጥያቄው የሚመጣው ከተቆረጠው ሰው ሳይሆን ከሩቅ ሆኖ ከሚያየው ነው። እግሩን ያጣ ገበሬ ሰው መሆኑን አይጠራጠርም። የሚያስጨንቀው በመኸር ማን ያርስልኛል፣ ልጆቼን በምን አሳድራለሁ፣ ሠርግ ቤት ስገባ ሰዉ ወዴት ያያል የሚለው ነው። ደራሲ የጀግናውን ሰውነት አጠራጣሪ ሲያደርግ፣ ሳያስበው ክራንች ይዞ የሚሄደውንም ሰው ሁሉ አጠራጣሪ ያደርጋል።

ዎልፍማንና ፔሬዝ ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር በትክክል አይተው ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ታሪካቸው ቪክተር ሣራ ሲምስ ከምትባል መምህርትና ከተማሪዎቿ ጋር ይተዋወቃል። ልጆቹ ሰው ሠራሽ እጅና እግር ያላቸው ናቸው። ትልልቆቹ ሲሸሹት የኖሩትን የብረት አካል ልጆቹ በአድናቆት ያዩታል። በዚያ ታሪክ ፍንዳታም ጠላትም አያስፈልግም። ከእሱ ጋር የሚመሳሰል አካል ያላቸው ሰዎች መካከል መቀመጡ ብቻ ይበቃል። ከሳይቦርግ ታሪኮች ሁሉ ለእኛ ሠዓሊዎች አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የዛክ ስናይደር ‹‹ጀስቲስ ሊግ›› ሬይ ፊሸር የተጫወተው ቪክተር አደጋው የሚደርስበት በመኪና ነው። የሚጨበጨብለት ስፖርተኛ፣ አንድ ምሽት፣ መኪና፣ ከዚያ በኋላ ሌላ አካል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ታሪክ ያውቀዋል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ወርቅ አገኘ። ያ ወር በፈረንጆቹ መስከረም 1960 ነበር። በዚያው ወር ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በሚታተም የጠፈር መጽሔት ላይ ‹‹ሳይቦርግ›› የሚለውን ሐሳብ ለዓለም አቀረቡ፤ ሰው ጠፈር ላይ እንዲኖር አካሉ ከመሣሪያ ጋር ይዋሃድ ብለው። በዚያው ወር ደግሞ፣ አበበ ከሮጠ ከስምንት ቀን በኋላ፣ በዚያችው ሮም ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር ተከፈተ። ወደ 400 የሚጠጉ ስፖርተኞች በዊልቸር መጡ። የውድድሩ አባት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ እንግሊዝ ውስጥ የስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል መሥራች ነበሩ። ጫማ እንኳ ያላስፈለገው ሯጭና በተሽከርካሪ ወንበር የመጡት ስፖርተኞች በአንድ ከተማ በቀናት ልዩነት ተላለፉ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ አበበ የጉትማን ሆስፒታል ታካሚ ሆነ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። በማግስቱ ጠዋት ከውስጧ ሲያወጡት ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም ነበር። ስቶክ ማንደቪል ውስጥ ስምንት ወር ታከመ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ማዞር አቅቶት የነበረው ሰው ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም።

የጀግና ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚህ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት ማጥናት አለበት እላለሁ። አበበ በእጁ የሚሠራውን ጨዋታ ፈለገ። በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል የዊልቸር ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በእንግድነት በተጠራበት የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ሸርተቴ ተወዳድሮ አሸነፈ። የደጋ ሸዋ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ ከውሾች ኋላ! ይህን ደራሲ ፈጥሮት ቢሆን ኖሮ አናምነውም ነበር። በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ተሽከርካሪ ወንበሩ ከበፊቱ የበለጠ ፈጣን አላደረገውም። ያጣውን በእጥፍ የከፈለው ኃይል የለም። ሆኖም ተወዳዳሪነቱ አልሞተም፣ ሜዳውን ቀየረ። የአሜሪካ ኮሚክ ልማድ ደግሞ ሌላ ነው፤ አደጋውን ያሳይና በሚቀጥለው ገጽ ካሳውን ይከፍላል። እጅ ጠፋ፣ መድፍ ተተካ። ዓይን ጠፋ፣ ግድግዳ የሚበሳ ዓይን ተተካ። አንባቢው ለማዘን ጊዜ አያገኝም፤ ከዚያም በላይ፣ ካሳ ያልተከፈለው ሰው፣ ማለትም በእውነተኛው ዓለም ያለው ሁሉ፣ ከታሪኩ ውጪ ይቀራል።

ራስሴላስ ላቀው ከዴቪ ፍራንክል ጋር ያዘጋጀው ስለ አበበ የሚተርክ ‹‹አትሌቱ›› የተባለ ፊልም በ2009 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ራስሴላስ ራሱ አበበን ሆኖ ይጫወታል፤ የሮምና የቶኪዮ እውነተኛ የሩጫ ምስሎች ከትወናው ጋር ተዋህደው ይታያሉ። ኢትዮጵያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ የላከችው የመጀመሪያው ፊልም ነው። እኔን የማረከኝ የወርቁን ታሪክ መነሻ አድርጎ ከአደጋው በኋላ ላለው ሕይወት ሰፊ ቦታ መስጠቱ ነው። ልዩ ኃይል ያለው ጀግና የለበትም። ግን የልዕለ ጀግና ፊልም መሥራት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ከማርቨል በፊት ይህን ይይ።

ከዚህም የቆየ መምህር አለን። የሸዋው ጻድቅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሣሉ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ የተሰበረው እግራቸው በአጠገባቸው፣ ስድስት ክንፍ በጀርባቸው ሆኖ ነው። በልጅነቱ ያንን ሥዕል ያየ ሁሉ አይረሳውም። ሠዓሊው የተቆረጠውን እግር አልደበቀም። በቀሚስ አልሸፈነውም፤ ደም ያለበትን ጫፍ ሳይቀር የሚሥሉ አሉ።

በገድላቸው ቅደም ተከተል ክንፉ የወጣላቸው ከደብረ ዳሞ ገደል በገመድ ሲወርዱ ገመዱ በተቆረጠ ጊዜ ነው። እግራቸው የተሰበረው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ወደ ሸዋ ተመልሰው በዋሻቸው በጸሎት ብዙ ዓመት ከመቆም ብዛት ነው። ስለዚህ ክንፉ ለእግሩ የተከፈለ ካሳ አይደለም። ክንፍ እያላቸው እግራቸውን አጡ፤ እግራቸውን ካጡ በኋላም በክንፋቸው አልሄዱም፣ በቀረው እግር ቆሙ። ሥዕሉ ሁለቱን በአንድ አካል ላይ ያኖራል፣ አንዱን በሌላው አያጣፋም። የእምነት ሥዕልን የኮሚክ አርኣያ ማድረግ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፤ ስሜቱን አከብራለሁ። እኔ የምለው ለዓይን የሚሰጠውን ትምህርት ነው፦ ጉድለትና ኃይል ጎን ለጎን ሳይሸፋፈኑ መሣል ይችላሉ፣ እኛ አገር ለዘመናት ተሥለዋልም።

አሁን ወደ ብረቱ ልመለስ፤ ብረት ባለቤት አለውና። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታዋቂ የነበረው ‹‹የስድስት ሚሊዮን ዶላር ሰው›› ተከታታይ ፊልም ዋጋውን በስሙ ይዞ ነው የመጣው፤ ገንዘቡን የከፈለው መንግሥት ነው፣ ሰውየውም ለመንግሥት ይሠራል። በ1987 እ.ኤ.አ. ፖል ቨርሆቨን ያዘጋጀው ‹‹ሮቦኮፕ›› ይበልጥ ጠለቀ። ፖሊሱ መርፊ ከሞተ በኋላ አካሉ የኩባንያ ንብረት ይሆናል፤ አለቆቹን እንዳያስር የሚከለክል ትእዛዝ በውስጡ ተቀብሮበታል። ብዙዎች ተኩሱን ያስታውሳሉ። የፊልሙ ጥያቄ ግን የሰው አካል ውስጥ የገባ ዕቃ የማን ነው የሚል ነው።

ይህ የልብ ወለድ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ሰከንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በዓይን ውስጥ የሚተከል መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ ሰዎች ተተክሎላቸዋል። ኩባንያው በገንዘብ ችግር ሥራውን ሲያቆም መሣሪያው በዓይናቸው ውስጥ ቀረ፣ የሚጠግነውና መለዋወጫ የሚሰጠው ጠፋ። ለጀግናችን ከዚህ የሚበልጥ ጠላት አያስፈልገውም። ጭራቅ ከሰማይ ከሚወርድ፣ መለዋወጫ የሚያቀርበው ድርጅት በሩን ዘግቶ ይጠብቀው።

በይፋት ጉዳዩ ከመሬት የቀረበ ነው። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ እጅና እግር ማጣት የፊልም ጉዳይ አይሆንም። ሰው ሠራሽ እግር የሚፈልግ የይፋት ሰው ወደ ሰሜን ደሴ ወዳለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይሄዳል፣ አለዚያም ወደ ደቡብ ከሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። እግሩ የሚሠራበት መንገድ ራሱ ለኮሚክ ሠዓሊ ውብ ነው። በቀረው እግር ላይ እርጥብ ጄሶ ይጠቀለላል፤ ሲደርቅ ወልቆ ሻጋታ ይወጣበታል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ይለሰልስና በሻጋታው ላይ ይለበጣል። ቁመቱ ይለካል፣ የተረከዙ አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ ይስተካከላል። ከዚያ ሰውየው በሁለት የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆሞ መሄድ ይለማመዳል፤ ባለሙያው ቁጢጥ ብሎ እግሩን ሳይሆን ፊቱን ያያል፣ የሚያምበት ቦታ ፊት ላይ ይታወቃልና። የአዋቂ ሰው እግር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ መቀየር ይፈልጋል። ልጅ ከሆነ ያድጋል፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ አዲስ ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ የሚያሳይ የጀግና ታሪክ የት አለ? አባት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሌሊት ይሠራል፣ ልጁ ጠዋት ይበራል። ባለሙያው ደጋፊ ገጸ ባሕርይ እንኳ አይሆንም። እኔ ብሆን ጀግናውን ከባለሙያው ለይቼ አልጽፈውም ነበር፤ የብረቱ ታሪክ የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው።

ደግነቱ የአገራችን ኮሚክ መሠረት ተጥሏል። በስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ‹‹ጀምበር››ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ‹‹ሐዊ›› ተከተለች። የጀምበር ባለታሪክ አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህ ምርጫ ትልቅ ነገር ነው። ጀግናው ኃይል ከማግኘቱ በፊት አንባቢው የሚያውቀው ችግር አለበት። ግማሽ ማሽን የሆነው ጀግናችንም ከዚያ ይጀምር፦ ከቀጠሮ፣ ከወረፋ፣ ከትራንስፖርት ሒሳብ።

‹‹ክረምስ›› የተባለውን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልምም ሳልጠቅስ አላልፍም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው የዓለም ፍጻሜ ታሪክ ነው፤ ዋናውን ሰው የሚጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው፣ ቁመቱም አካሉም ከተለመደው የፊልም ጀግና የተለየ። ፊልሙ ስለ አካሉ ማብራሪያ አይሰጥም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ይወዳል፣ ይጓዛል፣ ይፈራል። ተመልካቹ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደማንኛውም ጀግና ይከተለዋል። ይህ ዝምታ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ጀግናው አሊዩ አምባ ቢወለድ የሚገጥመው ሌላም ነገር አለ፣ ሆሊውድ ፈጽሞ የማያስበው። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ደጅ ጫማ ይወልቃል። እሱ የብረት እግሩን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል እንበል። ብረቱ ጫማ ነው ወይስ እግር? ለሶላት ውዱ ሲያደርግ ውኃ ያፈስበታል? ሰልፉ ውስጥ ሲሰግድ ጉልበቱ አይታጠፍለትም፣ ከጎኑ ያሉት ምን ያህል ቦታ ይለቁለታል? ኢማሙ ‹‹ግባ ልጄ፣ ወንበር አለ›› ይሉት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ወንበር አልፈልግም ይል ይሆናል፣ ትናንት መኪና ያነሣ ሰው ነኝ ብሎ። ከጎኑ ያሉ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ‹‹እኔም በወንበር ነው የምሰግደው›› ይሉታል። አራት ሥዕል፣ ሦስት ንግግር ነው። በዚህ ውስጥ ኩራቱም፣ የአካሉ እውነትም፣ ማኅበረሰቡ እንዴት እንደሚይዘውም አለ።

ሠዓሊው ታዲያ ብዕሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳርፍበት ቦታ ብረቱና ሥጋው የሚገናኙበት መስመር ላይ ይሁን። አብዛኛው ኮሚክ ያንን መስመር በሚያብረቀርቅ ቀለበት ይሸፍነዋል። እኔ ቆዳው የጠነከረበትን፣ ላብ ያቀላውን፣ ማታ ማቀፊያው ሲወልቅ የሚታየውን የክር ምልክት ማየት እፈልጋለሁ። ጀግናው በየማታው ያወልቀው። ያለ ብረቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሚስቱ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ያውራ፤ በዚያ ሰዓት የጎደለ ሰው አድርገው አይሣሉት። ደግሞም ብረቱን እንዲለብስ የወሰነው ራሱ ይሁን፤ የሲላስ ስቶን ዓይነት ፍቅር ቢሆን እንኳ ጠይቆ ይምጣ።

እኔ ብጽፈው የዚህን ጀግና ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ እጀምረው ነበር። የጉልበቱ ብሎን ላልቷል፣ ከሙቀቱ የተነሣ ማቀፊያው በላብ እየተንሸራተተበት ነው፣ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ገና አልሞላም። ረዳቱ ‹‹አንተ ጀግናው አይደለህም እንዴ? ዘለህ አትሄድም?›› ይለዋል። ከኋላው ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት እሷም ወደ ማዕከሉ እንደምትሄድ ትነግረዋለች፤ ልጇ አድጎ እግሩ አጥሮበታል። ከዚህ በፊት ሄዳለች፣ የትኛው ባለሙያ ጄሶውን ሳያቃጥል እንደሚጠቀልል ታውቃለች፣ የሚጠይቀውን ወረቀት አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ትመክረዋለች። እሱ ስሙን ሳይናገር እስክሪብቶ ያወጣና የምትለውን ይጽፋል።